የአንድ ቀን የሚኒ ኮሚክ ዝግጅት፦ 20 ሰው፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ካርቱን የምንስል 20 ያህል ልጆች ነን። አብዛኞቻችን የምንተዋወቀው በቴሌግራም ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ወረቀት ይዘን ገብተን፣ ማታ እያንዳንዳችን የሠራናትን ሚኒ ኮሚክ፣ ማለትም ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርባትን ትንሽ መጽሐፍ፣ ይዘን እንድንወጣ እፈልጋለሁ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ውጭ አገር ካለው «የ24 ሰዓት ኮሚክ ቀን» ነው። ስኮት ማክላውድ የተባለው ካርቱኒስት በፈረንጆች 1990 ጓደኛውን ስቲቭ ቢሴትን «በ24 ሰዓት 24 ገጽ እንጨርስ» አለው። በ2004 ደግሞ ናት ገርትለር ሁሉም በየከተማው በአንድ ቀን እንዲሠራው አደረገ። እኛ ግን ማደር አንችልም፤ የብዙዎቻችን ቤተሰብ አይፈቅድም። በነጻ ያገኘነው አዳራሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በ9 ሰዓት ውስጥ ስንት ገጽ ይወጣናል? ወረቀቱስ እንዴት ነው የሚታጠፈው? ቀኑን እንደነሱ በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ለማድረግ አስበናል።

መልስ 1 (የሥዕል መምህር፣ ባሕር ዳር)

ልጄ፣ 24ቱን ገጽ ተዪው። 8 ገጽ ይበቃችኋል፤ እሱም ከአንድ ኤ4 ወረቀት ይወጣል። ሽፋንና ጀርባው ሲቀነስ ለታሪኩ 6 ገጽ ይቀራል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ በዚህ ነው የማስጀምራቸው። ስድስት ገጽ ሲባል ማንም አይፈራም።

አስተጣጠፉ እንዲህ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ እያጋመስሽ እጠፊውና ዘርጊው። ከላይ 4፣ ከታች 4 ክፍል ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 7.4 በ10.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሁን አጭሩን ጎን ከአጭሩ ጎን አገናኝተሽ እጠፊው። ከታጠፈው ወገን ተነስተሽ፣ በመሐለኛው መስመር ላይ ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ቁረጪ። ስትዘረጊው መሐሉ ላይ ረጅም ስንጥቅ ታያለሽ፤ ዳርና ዳሩ አልተነካም። ከዚያ ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርገሽ በርዝመቱ እጠፊው፤ ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ወደ መሐል ግፊ። ስንጥቁ አፉን ይከፍትና መስቀል ይሠራል። ያንን ወደ አንድ ወገን ስታጥፊው መጽሐፍ ሆነ። ሙጫ የለ፣ ስቴፕለር የለ።

የገጹን ቅደም ተከተል ግን አትሸምድጂ። ባዶውን አጥፈሽ ከሽፋኑ ጀምሮ በእርሳስ ቁጥር ጻፊበትና ዘርጊው። ከታች ከግራ ወደ ቀኝ 6፣ 7፣ 8፣ 1 ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከላይ ያሉት 5፣ 4፣ 3፣ 2 ደግሞ ተዘቅዝቀው ይመጣሉ። ሁሉም ሰው ይህቺን ባዶ ናሙና ሳያዘጋጅ መሳል አይጀምር።

መልስ 2 (ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ፣ አራት ኪሎ)

እህት፣ ሰዓታችሁን ከማሽኑ ወደኋላ ቁጠሩ። 20 ሰው እያንዳንዱ የሠራውን አባዝቶ ለ20 ሰው የሚሰጥ ከሆነ 400 ቅጂ ነው። በደቂቃ 20 የሚያወጣ ማሽን ቢሆን እንኳ ወረቀት መቀየሩ፣ መጨናነቁ፣ «እንደገና ላንሳው» የሚለው ሁሉ ሲደመር አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ እያንዳንዱ 20 ወረቀት አጥፎ መቁረጥ አለበት። ስለዚህ እስክርቢቶ የሚቀመጠው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይህን ጠዋት ላይ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ካልሆነ 11 ሰዓት ላይ 20 ሰው ማሽኑ ጋ ይሰለፋል።

አንድ ደስጣ ወረቀት 500 ነው፤ ለቅጂው 400፣ ለሙከራ 100 ይተርፋችኋል። ማሽኑ ዳር ዳሩን ስለማያነሳ ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ። በእርሳስ የተሳለ ደብዝዞ ነው የሚወጣው፤ በጥቁር እስክርቢቶ ይደመቅ። በእርሳስ የተቀባ ጥላ ደግሞ አመድ መስሎ ይወጣል፤ ጥላ የፈለገ በጭረት ይሥራው።

መብራት ቢሄድ አትደንግጡ። ዋናዎቹን በአንድ ክላሰር ሰብስባችሁ ጄኔሬተር ያለው ቤት ውሰዱ። ቤቱን ግን ከወዲሁ አነጋግሩት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብዙው ይዘጋል።

መልስ 3 (አዲስ አበባ)

ቀኑን አስቢበት። በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው የሚውለው፤ አዲስ አበባ ላይ የሆረ ፊንፊኔ ኢሬቻም ብዙ ጊዜ የሚከበረው በዚያው ቅዳሜ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ታክሲ አይገኝም። በዓሉን ማክበር የሚፈልጉ ልጆችም ይኖራሉ፤ እነሱን ማስቀረት ልክ አይደለም። በሳምንቱ አድርጉት።

መልስ 4 (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እኔ እዚህ የአንድ ቀን ዝግጅት ላይ ሁለት ጊዜ ተካፍያለሁ። በመጀመሪያው አልጨረስኩም። ምክንያቱም እስከ ምሳ ድረስ ታሪክ ሳስብ ነበር። በሁለተኛው አዘጋጇ ከአንድ ሣህን ሁለት ሁለት ቃል የተጻፈበት ብጣሽ አስወጣችን። ለእኔ «ጃንጥላ» እና «አያት» ደረሰኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አያቴ በጃንጥላዋ ዶሮ ስታባርር ስያታለሁ። ዕጣው በጣም ይረዳል፤ አድርጉት።

ሌላው የፊደላችን ነገር ነው። ፈረንጆቹ በትንሽ ቦታ ብዙ ይጽፋሉ። እኛ ብንሞክር «ሉ» እና «ሊ» ይምታታሉ፤ ልዩነታቸው ጭረቷ ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ መሆኗ ብቻ ነው። በወፍራም ማርከር ስትጻፍ ትዋጣለች። ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን በቀጭን እስክርቢቶ ጻፉ፣ ከዚያ ንግግሩን የሚከበውን ክብ ዙሪያውን ሳሉ። ክቡን ቀድሞ የሳለ ሰው የመጨረሻዋን ቃል ግድግዳ ላይ ነው የሚለጥፋት።

ደግሞ አትሽጡት፤ ተለዋወጡ። እዚህ ቅርባችን ቤተዝዳ በየሴፕቴምበሩ በሚደረገው የትናንሽ አሳታሚዎች ትርኢት ላይ ካርቱኒስቶቹ ራሳቸው ሚኒ ኮሚክ በሚኒ ኮሚክ ሲለዋወጡ አያለሁ። እኔ ጓደኛ ያፈራሁት በዚያ ነው።

መልስ 5 (ረሆቦት፣ እስራኤል)

እኔ ከልጆች ጋር ሠርቼዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል። የእኛ ልጆች የሚጽፉት በዕብራይስጥ ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ከላይ የተጻፈው ቁጥር ለእነሱ ይገለበጣል፤ ከታች 1፣ 8፣ 7፣ 6፣ ከላይ 2፣ 3፣ 4፣ 5። አንዷ ልጅ ግን አያቷ እንዲያነቡላት ብላ በአማርኛ መሥራት ፈለገች። ለእሷ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበውን አጠፍንላት። ፊደሉን እናቷ በእርሳስ ጻፈችላት፤ እሷ በእስክርቢቶ አደመቀችው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ቀኑን በሳምንቱ አዙረነዋል። ጋሼ፣ ናሙናውን ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሞከርነው። መጀመሪያ ስንጥቁን እስከ ዳር ቆርጠነው ለሁለት ተገነጠለ፤ በሁለተኛው ሆነልን። እሱ አሁን የራሱን ጀምሯል፤ ስለ ጎረቤታችን ውሻ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ለ20 ሰው ስንት መቀስ ይበቃል?

መልስ 2

መቀስ ይቅርባችሁ። አምስት ካተር፣ አምስት የብረት ማስመሪያ፣ ከሥር የሚነጠፍ ካርቶን። የአዳራሹን ጠረጴዛ እንዳትቆርጡት፤ በነጻ ነው የተሰጣችሁ።