ክርክር፦ የሻርትር «ጥቁር እመቤት» ፊቷ መንጣት ነበረበት?

ጠያቂ፦ ከፓሪስ ደቡብ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሻርትር ካቴድራል እድሳት በ2009 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ግድግዳው ከጥላሸት ጸድቶ ፈካ። በ2014 ነገሩ እስከ አሜሪካ መጽሔቶች ድረስ አጨቃጨቀ። ከሁሉ በላይ ያስቆጣው «የዓምዷ እመቤታችን» የምትባለው የእንጨት የማርያም ሐውልት ጉዳይ ነበር። ምዕመናን በጥቁርነቷ የሚያውቋት እመቤት ከእድሳቱ ስትወጣ ነጭ ፊት ነበራት። ኖራ፣ ጧፍ፣ መሰላል የምትባሉ ተከራካሪዎቼ፣ ትክክል ነው ትላላችሁ?

ኖራ፦ ትክክል ነው። ሐውልቷ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ናት፤ የእድሳቱ ወገን እንደሚለው ጥቁረቱ ከጊዜ ብዛት የመጣ ነው። የሚያጠቁረው ጭስ ብቻ አይደለም። ሻማ ሲነድ የሰሙ ቅባት በአየር ይንሳፈፍና ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ይረጋል፤ አቧራውንና ጥቀርሻውን የሚያጣብቀው እሱ ነው። ከሥር ያለው ቫርኒሽ (ቀለሙን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ቅብ) ደግሞ በዕድሜው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል።
ማረጋገጫውም ግምት አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ በዓይን የማትታይ ያህል ትንሽ የቀለም ቅንጣት ከተሰነጠቀ ቦታ ትነሣና በማይክሮስኮፕ ከጎኗ ትታያለች፤ እንደ እንጀራ ድርድር ንብብሩ ይቆጠራል። ጥቁሩ ከቫርኒሹ በላይ ከተኛ ኋላ የመጣ ነው። በቀጥታ በመሠረት ቅቡ ላይ ካረፈ ግን ሠሪው ራሱ ያሰበው ነው።

ጧፍ፦ ኖራ ወንድሜ፣ ስለ ጥቀርሻው አልከራከርህም። ግን ማጽዳትና መቀባት ሁለት ሥራ ናቸው። ጥቀርሻ ስታነሣ ያለውን ታሳያለህ። የጎደለውን በብሩሽ ስትሞላ ግን ያንተን ዘመን እጅ ትጨምራለህ። ሰው ያዘነው አንድ ወጥ በሆነው ትኩስ ፊት ነው።
በስዊዘርላንድ አይንዚደልን ገዳም ያለችውን ጥቁር የማርያም ሐውልት ደግሞ እናስታውስ። የፈረንሳይ ጦር በ1798 ሲገባ ሐውልቷን አሸሿት። በ1799 የጠጋኟት ባለሙያ ፊቷ የጠቆረው በመብራትና በሻማ ጭስ መሆኑን ጽፎ፣ ሥጋ መሰል ቀለም ሰጣት። ውጤቱስ? ሕዝቡ አልተቀበላትም፤ መልሶ ጥቁር እንዲቀባት ተደረገ። ዛሬም ጥቁር ናት። እዚያ ጥቁረቱ በአደጋ ጀመረ፣ ቀጥሎ ግን ተመረጠ። የተመረጠን ነገር እንደ ቆሻሻ ማጠብ ይከብዳል።

መሰላል፦ ለሁለታችሁም የሚጠቅም ሰነድ አለ፤ የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ስለ ቅርስ ጥበቃና እድሳት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ። አንቀጽ 9 ግምት በሚጀምርበት ቦታ እድሳት ይቁም ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ የየዘመኑ አሻራ ይከበር፣ የላይኛው ንብብር የሚነሣው፣ የሚወገደው እምብዛም የማይረባ፣ የሚገለጠው ግን ታላቅ ዋጋ ያለውና በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ብዙ ሰው የሚዘለው የዚያኑ አንቀጽ ማሳረጊያ ነው፦ ምን ይጥፋ የሚለው ውሳኔ ለሥራው ኃላፊ ብቻ አይተውም። ሻርትር ላይ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን የለየው የ1905ቱ የፈረንሳይ ሕግ ካቴድራሎቹን የመንግሥት ንብረት እንደሆኑ አስቀርቷቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ተጠቃሚ ናት። ከሐውልቷ ሥር የሚንበረከከው ሰው ግን በየትኛው ወንበር ይወከላል?

ኖራ፦ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም «ጥንታዊው እንዳለ ይቆይ» የምትሉት የትኛው ጥንት ነው? መጀመሪያ ሕዝቡን የጠራው በ876 የፍራንኮች ንጉሥ ቻርልስ መላጣው የሰጠው የእመቤታችን ልብስ እንጂ ይህች ሐውልት አይደለችም። በ1194 ካቴድራሉ ሲቃጠል ልብሱ ተረፈ፤ የአሁኑ ሕንፃ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በምድር ቤቱ ጸሎት ቤት የነበረችው ሌላዋ ሐውልት በ1793 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ተቃጠለች፤ በ1857 ምትክ ተሠራላት። ተሳላሚው ግን አልቀረም።

ጧፍ፦ የተቃጠለችውን መተካትና ያለችውን መለወጥ እኩል አታድርጋቸው።

መሰላል፦ ስለ ግድግዳው መጽዳት ግን እኔም ከእድሳቱ ወገን ነኝ። ከጥላሸቱ ሥር የተገኘው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ልስን ነው፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ በላዩ ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ የድንጋይ መጋጠሚያ የሚመስል። እድሳቱን የሚቃወመው ወገን «ግድግዳው ብርሃን ሲመልስ ሰማያዊው መስታወት ይደበዝዛል» ይላል፤ እውነትነት አለው፤ ዙሪያው ጨለማ ሲሆን የመስታወቱ ቀለም ይጎላል። ለመፍረድ የሚሄድ ሰው ደመናማ ቀን ይምረጥና ከመግቢያው እንደገባ አይፍረድ፤ ዓይኑ እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ያህል ይቁም። ወለሉ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ መርገጥ የሚፈልግ ደግሞ ከዐቢይ ጾም እስከ ቅዱሳን ሁሉ በዓል (ኖቬምበር 1) ባለው ጊዜ አርብ ይሂድ፤ በሌላው ቀን ወንበር ይደረደርበታል።

ጠያቂ፦ ነጣችም እንበል። ሻማው ግን ዛሬም ይበራላታል?

ኖራ፦ መልሶ የሚያጠቁራት እሱ ነው። ሻማው ከሐውልቷ ፊት ይራቅ፤ ክሩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርዘም። ረጅም ክር ነበልባሉን ያስረዝመዋል፣ ጫፉ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። በሩ ሲከፈት የሚገባው ነፋስም እንዲሁ ያጨሰዋል።

ጧፍ፦ ክሩን ማን እየዞረ ይቆርጣል? በዓል በሆነ ቀን አንዱ ሻማ ሳያልቅ ሌላው ይሰካል። ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ጥቁር ስትሆን ያኔስ ልትቀቧት ነው?

መሰላል፦ ያኔ ቢያንስ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ።