ጥቆማ፦ ጎንደር ውስጥ የጥርስ ብሪጅ የት ይሠራ? ስንት ዓመትስ ይቆያል?

አራዳ ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከታች በግራ በኩል አንድ መንጋጋ ጥርሷ ከተነቀለ ቆይቷል። አንደኛው ክሊኒክ ቋሚ ብሪጅ (ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ተጣብቆ ክፍተቱን የሚሞላ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ይሠራላት አለ፣ ሌላኛው የሚወልቀው ይበቃታል አለ። ብሪጅ ስንት ዓመት ያገለግላል? እንዴትስ ይጸዳል? ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያሠራችሁበትን ጠቁሙኝ። ለጥምቀት እንግዳ ስላለብን ከዚያ በፊት ቢያልቅ እመርጣለሁ።

የማራኪው፦
ለጥምቀት እንግዳ ካለብሽ ከጥርሱ በፊት የውኃ በርሜል ግዢ።

እሙ ሰላም፦
ምንም አታስቢ፣ ፒያሳ ፎቅ ላይ ያሉት አባት ዘንድ ውሰጃቸው። እኔንም ባለቤቴንም ነቅለውልናል። እጃቸው ሲያርፍብሽ አይታወቅሽም።

ዝምተኛው፦
የጠየቀችው ስለ ማስነቀል አይደለም እኮ።

እሙ ሰላም፦
እንዲያ አሳምሮ የነቀለ መትከል ያቅተዋል?

ቀሃ ማዶ፦
ብሪጅ አትበሉኝ። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ አንድ ክፍተት ለመሙላት ብሎ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጤነኛ ጥርሶቼን ዙሪያቸውን ሞረዳቸው። ዓመት ሳይሞላው አፌ ይሸት ጀመር። በዚያ በኩል ስመጥጥ መራራ ነገር ይወጣል። ተመልሼ ስሄድ «ድድህ ነው፣ በጨው ተጉመጥመጥ» አሉኝ። ስጉመጠመጥ ከረምኩ። አንድ ቀን ዳቦ ስገምጥ ብሪጁ የአንዱን ጥርስ ስባሪ ይዞ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ እንደ ረጠበ ከሰል ጠቁሯል። አንድ የነበረው ክፍተት ሁለት ሆነ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ «ማሽኑ ተበላሽቷል»!

የልደታ ልጅ፦
ያለ ደረሰኝ ለምን ከፈልክ? ለገቢዎች መጠቆም ነበረብህ።

ቀሃ ማዶ፦
ጥርሱ እጄ ላይ ሆኖ ለማን ልጠቁም?

ትዕግሥት ነች፦
ስለ ጥርስ ከተነሳ አይቀር፣ ለ12 ዓመት ልጄ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ጎንደር የት ይታሰራል?

የልደታ ልጅ፦
እኔም ፍሪጅ ስገዛ ያለ ደረሰኝ ሸጠውልኝ በወሩ ተበላሸ። ማን ይጠየቅ?

ዝምተኛው፦
ስለ ጥርስ ተጠየቀ፣ ግብርና ፍሪጅ ላይ ደረስን። ቀጥሎ የሲሚንቶ ዋጋ ይነሳ።

የጥርስ ቴክኒሺያን፦
ነገሩ ያለው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ነው፤ ብሪጁን ከጥርሱ ጋር የሚያጣብቀው ማለቴ ነው። ክሊኒክ የለኝም፣ የማሻሽጥለትም ሰው የለም።

በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ብሪጅ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ የሚያልፍም አለ። ችላ ከተባለ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይወድቃል። በአብዛኛው የሚበላሹት ብሪጁን የተሸከሙት ጥርሶች ናቸው። በጠርዙ ላይ የምግብ ትራፊ እያደረ ጥርሱን ከሥር ይበላዋል። ሲሚንቶው በአንድ በኩል ቢለቅ እንኳ ሌላው በኩል ስለያዘ ብሪጁ አይወልቅም፤ ምራቅና ምግብ ግን ይገባበታል። ቀሃ ማዶ፣ የነገርከን ሽታ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የተሸካሚው ጥርስ ነርቭ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ሕመም ስለሌለው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አራዳ ሰፈር፣ ከመሞረዱ በፊት የሁለቱንም ጥርሶች ሥር የሚያሳይ ራጅ ይነሳላቸው። ራጅ ሳያይ ሞረድ የሚያነሳ ካጋጠማችሁ እናትሽን ይዘሽ ውጪ።

ለጽዳቱ፦ ጠዋትና ማታ መቦረሽ አይቀርም፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥርሶቹ ስለተያያዙ ተራው የጥርስ ክር ከላይ አይገባም። ጫፉ ደረቅ፣ መካከሉ ወፈር ያለ ለስላሳ ክር አለ። ጫፉን ከጉንጭ በኩል ከተተካው ጥርስ ሥር አሾልኮ በምላስ በኩል መሳብ፣ ከዚያ ወፍራሙን ክፍል ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ነው። ማታ ማታ ይሁን። ክሩ ካልተገኘ በጥርስ መካከል የሚገባው ቀጭን ብሩሽ ይሠራል። በየ6 ወሩም ይታዩ።

አንገረብ፦
አያቴ ከወይራ መፋቂያ ሌላ ሳታውቅ በሙሉ ጥርሷ ነው የሞተችው። ክር ምናምን የክሊኒኮች ገበያ ነው።

የጥርስ ቴክኒሺያን፦
ነፍስ ይማር። የእርሳቸው ጥርስ የራሳቸው ነበር፤ መፋቂያ ከብሪጅ ሥር አይደርስም።

አራዳ ሰፈር፦
ቆሎስ? ያለ ቆሎ ቡና አትጠጣም።

የጥርስ ቴክኒሺያን፦
በዚያ በኩል ባይቆረጥም ይሻላል፤ ብሪጁ የተለበጠበት ሸክላ ሊሰነጠቅ ይችላል። አጥንትና በረዶም እንዲሁ። ብሪጁ ቢወልቅ ደግሞ በሱፐር ግሉ እንዳትለጥፉት፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ዝምተኛው፦
በጾም ቆሎ ከልክለህ ምን ይብሉ ልትል ነው?

የልደታ ልጅ፦
የሚወልቀው ምን ክፋት አለው? የአባቴ ጎረቤት ጥርስ አይሞረድለትም፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ማታ አውልቆ አጥቦ ውኃ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ሰሞን ንግግሩ ትንሽ ይንተባተብ ነበር እንጂ አሁን ከሁላችንም በላይ ያወራል።

እሙ ሰላም፦
ይህ ሁሉ ራጅና ክር ለምን አስፈለገ? ፒያሳ ያሉት አባት አይተው ብቻ ያውቃሉ።

ቀሃ ማዶ፦
የእኔም አይቶ ብቻ ነው «ድድህ ነው» ያለኝ።

የማራኪው፦
አራዳ ሰፈር፣ በመጨረሻ የት አሠራሽላቸው?

ትዕግሥት ነች፦
ስለ ሽቦው የሚያውቅ የለም?