ለዲስከስ ዓሦቼ የምሠራው ምግብ ውሃ ውስጥ እየተበተነ ተቸገርኩ
ሰላም ወገኖች፣ ዲስከስ ዓሣ (ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚቀመጠው፣ ሞቅ ያለ ውሃ የሚወደው) ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። አምስት አሉኝ፣ ውሃቸው 29 ዲግሪ ነው። ከልኳንዳ የበሬ ልብ ገዝቼ፣ ጮማውንና ጅማቱን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ከሽሪምፕ፣ ከቆስጣና ከትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭቼ፣ በፌስታል ስስ አድርጌ ጠፍጥፌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት። ግን ገና ውሃ ሲነካው ይበተናል! ሁለት ሦስቴ ጎረስ አድርገው ይተዉታል፣ የቀረው ታች ይዘቅጥና በማግስቱ ውሃው ይደፈርሳል። በየቀኑ ግማሹን ውሃ እየቀየርኩ ነው። አንዱ ደግሞ ጠቆር ብሎ ጥግ ይዟል፣ በጣም አሳስቦኛል። እንዲያያይዘው ጄላቲን (ምግብ የሚያረጋውን ዱቄት) ልጨምርበት? ለአንድ ኪሎ ስንት ማንኪያ? በዚህ ሙቀት ጄላቲኑ ራሱ አይሟሟም ወይ? ልቡን ትተሽ በዓሣ ሥጋ ሥሪው የምትሉም ካላችሁ ንገሩኝ፣ ዛሬ ማታ እንደገና ልፈጭ ነው።