ከቤት ሊወጡ ለደረሱ ቤተሰቦች የተዋጣ ገንዘብ እንዴት ይሰጥ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእምነት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል እስካሁን የሚሰጠው ምግብና ልብስ ነበር። አሁን ምእመናን በየወሩ እያዋጡ የኪራይ ማገዣ ፈንድ ተቋቁሟል። ጠያቂው ብዙ፣ ገንዘቡ ግን ጥቂት ነው። ከኮሚቴው ግማሹ «ለሁሉም እኩል እናካፍል» ይላል፤ ግማሹ «ጥቂቶችን በሙሉ እንርዳ» ይላል። በእጅ ይሰጥ ወይስ ለአከራዩ? እንዳንታለል፣ እውነተኛው ችግረኛም እንዳይዋረድ ምን እናድርግ?

መልስ 1፦
እኩል ማካፈሉ ፍትሕ ይመስላል እንጂ ማንንም ከመባረር አያድንም። የ3 ወር ውዝፍ ላለበት ሰው የአንዱን ወር ሩብ ብትሰጡት ገንዘቡም ያልቃል፣ ሰውየውም ይወጣል። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ዕዳው በጠቅላላ ስንት ነው? ከተከፈለ አከራዩ ያኖረዋል? የሚቀጥለውን ወርስ ከየት ይከፍላል? ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። በሕመም ወይም በደመወዝ መዘግየት ለጊዜው የተንገዳገደ ሰው ውዝፉ በሙሉ ሲከፈልለት ይቆማል። ገቢው ጨርሶ የተቋረጠበት ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ለእሱ አቅሙ የሚችለው ቤት ፈልጋችሁ የመግቢያውን ቅድመ ክፍያ ብትሸፍኑለት ይሻላል።

ክፍያው በባንክ፣ በቀጥታ ለአከራዩ ይሁን። ችግረኛውን ስላላመናችሁ አይደለም፤ እጁ የገባውን ገንዘብ ሌላ አበዳሪም ይጠብቀዋል፣ የታመመ ልጅም ይኖራል። አከራዩን ከማነጋገራችሁ በፊት ግን የተከራዩን ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ አከራዩ አጭር ወረቀት ይፈርም፦ የገንዘቡ መጠን፣ የሚሸፍነው ጊዜ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ማስለቀቂያውን እንደተወ፣ ቀን። ያለዚህ ወረቀት ከተከፈለ ገንዘቡን ለውዝፉ ቆጥሮ በሳምንቱ ሰውየውን የሚያስወጣ አለ። ፈራሚው እውነተኛው ባለቤት መሆኑንም አጣሩ፤ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይ ሰው ያጋጥማል።

መልስ 2፦
ክብርን በተመለከተ፣ ፍሬዴሪክ ኦዛናምና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1833 ፓሪስ ውስጥ የመሠረቱት የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ዋና ሥራው ችግረኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጎብኘት ነው። ጎብኚዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። አንዱ ሲያዳምጥ ሌላው የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያውን ቀንና የዕዳውን ልክ ያያል፤ በኋላም «እንዲህ ብለውኝ ነበር» የሚል ጭቅጭቅ አይነሣም። ቀድማችሁ ደውሉ። የማኅበር ሰደርያ አትልበሱ፣ ጎረቤት ያያል። ተቀመጡ ሲሏችሁ ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መርማሪ ይመስላል።

ስም በጉባኤ ፊት አይጠራ፣ ፎቶ አይነሣ፤ ለኮሚቴውም ጉዳዩ በመለያ ቁጥር ይቅረብ። ጸሎት ላይ መገኘትን መስፈርት አታድርጉት። ሰው ለኪራዩ ሲል እንዲያመልክ ማድረግ ለእሱም ለእምነቱም ውርደት ነው።

መልስ 3፦
ስለ ሒሳቡ ብቻ ልጨምር። መዋጮ በጾምና በበዓል ሰሞን ይጎርፋል፣ ከዚያ ይደርቃል፤ ማስለቀቂያ ግን በዓል አይጠብቅም። የወር ወጪ ጣሪያ ወስኑ፣ ከእሱም ሩቡን ለድንገተኛ ጉዳይ አስቀሩ። የሚወስነውና የሚከፍለው ሰው አንድ አይሁን፤ ሁለት ፈራሚ ይኑር። የኮሚቴው አባል ዘመዱ ሲያመለክት ከስብሰባው ይውጣ። የማትረዱትን ሰው ደግሞ ፈጥናችሁ ንገሩት። «እናያለን» እየተባለ ያለፈው ሳምንት ሌላ በር ሊያንኳኳበት የሚችል ሳምንት ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀድሞውኑ ጎዳና ላይ ያለ ሰው ቢመጣስ?

መልስ 1፦
እሱን ኪራይ ብቻ አያስገባውም። መታወቂያው ጠፍቶ ከሆነ ከእሱ ጀምሩ፤ ያለ መታወቂያ ውልም የባንክ ሒሳብም የለም። ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ ስለሌለው የእናንተን ቢሮ ይጠቀም። ክፍሉ ሲገኝ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና መብራት በዚያው ቀን ይግቡ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ያደረ ሰው ወደሚያውቃቸው ጓደኞቹ መመለሱ አይቀርም።

መጠጥ የለመደ ከሆነ «ዛሬ ትተህ ና» አትበሉት። ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያንዘፈዝፈውና ሊሞትም ይችላል፤ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረው «ፓዝዌይስ ቱ ሃውዚንግ» የተባለው ድርጅት መጠጥ መተውን ቅድመ ሁኔታ ሳያደርግ አስቀድሞ ቤት ይሰጥ ነበር፤ ድጋፉና ሕክምናው ከዚያ በኋላ ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየሳምንቱ ጎብኙት፣ የአከራዩንም ስልክ ያዙ፤ ከጎረቤት ጋር የሚነሣውን ጠብ ወደ ክስ ሳይደርስ የምትሰሙት እንዲህ ሲሆን ነው።