ሊፓ ስሟን ያገኘችው ከመጣበቅ ነው?

መነሻ፦ ሩስያኛና ፖላንድኛ «ሊፓ»፣ ሊቱዌንያኛና ላትቪያኛ «ሊየፓ» የሚሏት ዛፍ አለች፤ ጀርመኖች «ሊንደ» ይሏታል። ቅጠሏ ልብ ይመስላል፣ አበባዋ ንብ ይጠራል። ስሟ «ተጣበቀ» ከሚል ጥንታዊ ግስ የመጣ ነው ሲባል ኖሯል። ትቀበላላችሁ?

ንብ አናቢው፦ እቀበላለሁ። በበጋ ከሥሯ መኪና ያቆመ ያውቀዋል፤ በማግስቱ መስታወቱ ማር የተቀባ ይመስላል። የቅጠሏን ፈሳሽ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያንጠባጥቡት ነው። የሩስያ ገበሬ ጫማ ይጎነጉን የነበረውም በእሷ ልጥ ነው። እኛስ «ለጠፈ» እንል የለ?

የቋንቋ ተማሪ፦ «ለጠፈ»ን ተወው ወንድሜ፤ በ«ለ» መገጣጠም ዝምድና አይሆንም። ለአንተ የሚመሰክሩልህ የሩስያኛው «ሊፕኪ» (የሚጣበቅ)፣ የሊቱዌንያኛው «ሊፕቲ» (መጣበቅ) እና የሳንስክሪቱ «ሊምፓቲ» (ይቀባል) ናቸው። ትርጉሙ ይገጥማል፤ የማይገጥመው ዜማው፣ ማለትም የድምፁ መውጣትና መውረድ ነው። በሊቱዌንያኛ አጽንኦት ያረፈበት ረጅም ክፍለ ቃል ከሁለት ዜማዎች አንዱን ይይዛል። ከዚህ ግስ በቀጥታ የወጣ ስም አንደኛውን መያዝ ሲገባው፣ ሊየፓ የያዘችው ሌላኛውን፣ «አኩት» የሚባለውን ነው። አኩት ብዙ ጊዜ ከጥንቱ ሥር የጠፋ የጉሮሮ ድምፅ አሻራ ነው። በግሱ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም።

ንብ አናቢው፦ ዜማ አይለወጥም እንዴ?

የቋንቋ ተማሪ፦ ይለወጣል፤ ሊቱዌንያኛ ከአንድ ቃል ሌላ ቃል ሲያወጣ ዜማ የሚቀይርበት ጊዜ አለ። ግን የክሮኤሽያኛዋ «ሊፓ» አናባቢም አጭር ነው፣ ይህም የዚያው አኩት ምልክት ነው። ስለዚህ ለውጥ ነበረ ካልን፣ ባልቲክ (የሊቱዌንያኛና የላትቪያኛ ወገን) እና ስላቭ (የሩስያኛ፣ የፖላንድኛና የክሮኤሽያኛ ወገን) ሳይለያዩ የሆነ ነው ማለት አለብን። ይህን ደግሞ ማስረዳት ያለበት የ«መጣበቅ» ወገን ነው።

ከላይፕዚግ፣ ጀርመን፦ የምኖርባት ከተማ ስም «የሊፓዎች ቦታ» ማለት ነው ይባላል፣ እኔም ለእንግዳ ሁሉ እንዲያ እል ነበር። የመርዘቡርግ ጳጳስ የነበረው የቲትማር ዜና መዋዕል ግን በ1015 እ.ኤ.አ. ታሪክ ላይ «ሊብዚ» ይላታል፣ በ«ብ»። በዚህ ምክንያት ስሟን ከውሃማ መሬት ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች አሉ። ደስ የሚል ትርጉም እንዴት እንደሚያታልል ያየሁት ያኔ ነው።

ንብ አናቢው፦ ዜማውን ተቀበልኩ። ግን ሊቱዌንያውያን ጁላይን «ሊየፓ»፣ ፖላንዶች «ሊፒየትስ» ይሉታል፤ የአበባዋ ወር ነውና። በደቡብ ቀድማ ስለምታብብ የክሮኤሽያው «ሊፓኝ» ጁን ነው። ሕዝቡ ልብ ያለው አበባዋን ነው!

የቋንቋ ተማሪ፦ እሱ ወሩ ከዛፏ መሰየሙን ያሳያል። ዛፏ ከምን እንደተሰየመች አይነግረንም፤ እኔ መዝገበ ቃላት ባዘጋጅ «መጣበቅ»ን ከጥያቄ ምልክት ጋር ነው የምጽፈው።