ያጠናሁት ለምን በማግስቱ ይጠፋብኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድራለሁ፣ ጠዋት ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ግን ግማሹ የለም። በልጅነቴ የተማርኩትን መዝሙር ግን እስካሁን አልረሳሁትም። በጣም አሳስቦኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ 1፦ አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ብቻ አይደለህም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸው ቃላት ሸምድዶ ራሱን ሲፈትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጠፍቶበታል። መዝሙሩን እኮ ስንት ዓመት ደጋግመኸዋል፣ ዜማም አለው።

መልስ 2፦ እንቅልፍህን አትንካ! ቀን የያዝነውን አእምሮ የሚያደላድለው ስንተኛ ነው።

መልስ 3፦ ደግሞ ዝም ብለህ አታንብብ። ደብተሩን ዝጋና ራስህን ጠይቅ፣ ነገ ድገመው፣ ከሦስት ቀን በኋላም እንደገና። የቆሎ ተማሪ ያን ሁሉ በቃሉ የሚይዘው ሌሊት ሌሊት እየቀጸለ፣ ማለትም የተማረውን በቃሉ እየደጋገመ ነው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ። ተባረኩ!