ናፒየር የሚለው የቤተሰብ ስም ከየት መጣ?

የወሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መቅደላን የወጋው ጄኔራል ናፒየር፣ ሎጋሪዝምን የፈለሰፈው ናፒየር፣ በዛሬዋ ፓኪስታን ሲንድን የያዘው ናፒየር... ስሙ የእንግሊዝ ነው የስኮትላንድ? ትርጉሙ «አቻ የለሽ» ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ኤድንብራ ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ ስሙ የስኮትላንድ ነው። የምማረው በዚሁ ስም በሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሎጋሪዝሙ ጆን ናፒየር በ1550 የተወለደበት የመርቺስተን ግንብ ዛሬም ግቢያችን መሀል ቆሟል።

«አቻ የለሽ» የሚለው የቤተሰቡ አፈ ታሪክ ነው። የሌኖክስ መስፍን ልጅ ዶናልድ በጦርነት ጀግንነት ሲሠራ ንጉሡ «ኔይ ፒር»፣ አቻ የለውም አሉት ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ስሙ የመጣው ከሥራ ነው። በቤተ መንግሥት የገበታ ጨርቅ ኃላፊ «ናፐር» ይባል ነበር፤ ገበታ ጨርቁን ፈረንሳዮች «ናፕ» ይሉታል። እንደኛ አጋፋሪና እልፍኝ አስከልካይ ያለ ሹመት ነው፤ እዚያ ግን ሹመቱ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ስም ሆኖ ቀረ።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ናፒየሮች በስኮትላንዷ ደንባርተንሻየር ውስጥ፣ ኪልማሂው ላይ ርስት ነበራቸው። የመርቺስተኑን የቤተሰብ ሐረግ የመሠረተው አሌክሳንደር ናፒየር ደግሞ የኤድንብራ ነጋዴ ነበር፤ በ1437 የከተማዋ ከንቲባ ሆኗል። የድሮ መዝገብ የምታገላብጥ ከሆነ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይዘህ አትፈልግ። በ1614 ሎጋሪዝሙን ያሳተመው ጆን እንኳ ስሙን አንዴ ኔፐር፣ አንዴ ኔፔር እያለ ይጽፍ ነበር።

እሙዬ፦
ስለ መቅደላው ልጨምር። ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር የተወለደው በ1810 እ.ኤ.አ. ኮሎምቦ፣ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ነው። «ኮርኔሊስ» የተባለው አባቱ ጃቫ ላይ የቆሰለበት ምሽግ ሜስተር ኮርኔሊስ ስለሚባል ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፤ በዚያው ዓመት ናፒየር «ባሮን ናፒየር ዘመቅደላ» ተባለ። የተዘረፈ አምባ ስም በዘር የሚወረስ የእንግሊዝ ማዕረግ መሆኑ ሁሌም ያንገበግበኛል።

የወሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ወንድሜ። የሲንዱስ እሱ ራሱ ነው?

ኤድንብራ ነዋሪ፦
አይደለም። በ1843 እ.ኤ.አ. ሲንድን የያዘው ቻርልስ ናፒየር ነው፤ የስድስተኛው ሎርድ ናፒየር የልጅ ልጅ። ያ የሎርድነት ማዕረግ በ1627 ለሎጋሪዝሙ ጆን ልጅ ለአርቺባልድ የተሰጠው ነው፤ ስለዚህ ቻርልስ የመርቺስተን ዘር ነው። ኒውዚላንድ ያለችው የናፒየር ከተማም የተሰየመችው በእሱ እንጂ በመቅደላው አይደለም።